ከሳሙና ካርቶን የወጣ መንጋ

ባለፈው ዒድ እናቴን ልጠይቅ ከሚሴ ሄጄ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ አዲስ የመጣ የልብስ ሳሙና ካርቶን እንድከፍትላት አዘዘችኝ። እኔ የራሴን ልጆች የማዝ ሴት ነኝ፤ እናቴ ሱቅ ስገባ ግን ዛሬም ተላላኪ ነኝ። ማሸጊያውን ቀድጄ ክዳኑን ገለጥ ሳደርገው ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ለሌላው ሰው ይህ የሳሙና ሽታ ነው። ለእኔ የበሬ፣ የበቅሎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የግመል ሽታ ነው። ካርቶኑን አቅፌ ስቀር እናቴ አየችኝና "አሁንም አልተውሽም?" አለች። "ስትቆርጪው ምላጩን ከእኔ መሳቢያ እንዳትወስጂ ብቻ።"

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን መግባቱ ስለነበር አንዱ ባለፈ ቁጥር ልጅ ሁሉ እየተንጋጋ ይከተለዋል። በግማሽ ዓመት እረፍት የአጎቴ ልጅ ነቢል ከአዲስ አበባ መጣ። በላስቲክ የታሰረ የካርድ ጥቅል ይዟል። ካርዶቹ ያብረቀርቃሉ፤ እሳት የሚተፉ፣ ክንፍ ያላቸው፣ ከዓሣና ከድመት የተዳቀሉ የሚመስሉ አውሬዎች ተስለውባቸዋል። ከሥር የተጻፈውን እኛ ማንበብ አንችልም፤ ነቢልም አይችልም። እሱ ግን እንደሚያነብ ሰው ግንባሩን ይቋጥራል።

"ይሄ ይሄንን ይበላዋል" ይላል።

"ለምን?"

"ሕጉ ነው።"

እኔና ጀማል እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እንድናይ ብቻ ተፈቀደልን። ጀማል የጎረቤታችን ልጅ ነው። እስክሪብቶ ከያዘ የማይስለው ነገር የለም፤ የሒሳብ ደብተሩ ውስጥ ከቁጥር ይልቅ በሬ ይበዛል። ነቢል ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ አንዲት ካርድ እንኳ አልተወልንም። መኪናው ከዓይናችን እስኪጠፋ በኩራት ግድ የሌለን መስለን ቆምን፤ ከጠፋ በኋላ ግን በጣም ተናደድን።

"እሳት የሚተፋ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ ዘይኑ?" አለኝ ጀማል።

"ኧረ በጭራሽ።"

"እኔም አላየሁም። ያየነውን ለምን አንሠራም?"

እናቴ ሱቅ ጀርባ የሚከመረውን የሳሙና ካርቶን በምላጭ ቆረጥነው። ጀማል ጥቁሩን በከሰል፣ ቢጫውን ከማድ ቤት በሰረቅሁለት እርድ ይቀባል። ከአውሬ ይልቅ የምናውቀውን ከብት ሳልን። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤ ከነቢል ሕግ የሚለየው ሁላችንም ስለምናውቀው ነበር። አንደኛ፣ በዓይኑ ያላየውንና በእጁ ያልነካውን ከብት ማንም ካርድ አያደርግም። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ መፍቀድ አለበት። ሦስተኛ፣ ለአንድ ከብት አንድ ካርድ ብቻ። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ልጆች የቤታቸውን በሬና ፍየል ለማስሳል ጀማል ደጅ ተሰለፉ። እሱም ከሬዲዮ በሰማው ቃል "ሊግ ነው" አለ፤ ሊግም ሆነ። ሞተሩ ወጥቶ ከእናቴ ሱቅ ማዶ በቆመ አንድ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰብ ጀመርን።

ችግሩ የእኔ ነበር። እኛ ቤት ከሳሙና በቀር የምናረባው ነገር አልነበረም። ሳሙና ደግሞ ቀንድም ጉልበትም የለውም። የሊጉ መሥራች ሆኜ ካርድ አልባ መሆኔ ያንገበግበኝ ነበር፤ እንቅልፍ ሁሉ አሳጣኝ።

መፍትሔው የጀማል አያት፣ አባ ይመር ነበሩ። አባ ይመር እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ከብት የሚያሻሽጡ ደላላ ናቸው። የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለት የዕድሩ፣ ዳኛም ስለሆኑ ከቀብር አንሥቶ እስከ አጥር ጠብ ድረስ እሳቸው ሳይጠሩ የሚያልቅ ጉዳይ የለም። ይዘውኝ እንዲሄዱ ስለምናቸው ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። "ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ" አሉ። "ግን እጄን ከለቀቅሽ ፍየል መስለሻቸው ይሸጡሻል።" አምኜያቸው እስከ ሰንበቴ ድረስ ኩታቸውን ጨብጬ ሄድኩ።

ሰንበቴ ያን ቀን የዓለም ሁሉ ከብት የተሰበሰበበት መሰለኝ። አቧራው፣ የፍየሉ ጩኸት፣ የበጎቹ ላብ፣ ከቆላ የመጡት አፋሮች ፀጉራቸውን የቀቡት ቅቤ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል። አባ ይመር በአንዲት ነጣ ያለች፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ ግመል አጠገብ ቆሙ። ባለቤቱ ቀጭን አፋር ነው። ገመዱን የያዘችው ልጁ በእኔ ዕድሜ ናት። ከወዲያ ደግሞ አንድ ግዙፍ ገዢ ቆሟል። አባ ይመር ከትከሻቸው ፎጣቸውን አወረዱና በራሳቸውና በገዢው እጅ ላይ ጣል አደረጉት። ከፎጣው ሥር እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንድ ቃል አይወጣቸውም። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ገዢው ራሱን ይነቀንቃል፤ አባ ይመር ያቃስታሉ።

ዱዓ የሚያደርጉ መሰለኝ። ትልልቅ ሰዎች በዝምታ እጅ ይዘው ሌላ ምን ያደርጋሉ? ሥነ ሥርዓቱን የማውቅ ልጅ መሆኔን ለማሳየት ጭንቅላቴን በሻሼ ሸፍኜ ጠበቅሁ። እጃቸውን ሲላቀቁ ባለ በሌለ ድምፄ "አሚን!" አልኩ።

ዙሪያው ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ገዢው ሆዱን ይዞ ሳቀና "ዱዓው ተዘጋ፤ በቃ ለሌላ ጊዜ!" ብሎ ወደ በጎቹ ሄደ። አባ ይመር ፎጣቸውን እያራገፉ "ዋ! አንቺ ልጅ፣ ገበያዬን በአሚን ሸኘሽው!" አሉኝ። ከዚያ ንዴታቸው ሲበርድ አስረዱኝ፤ ጣት ሲጨበጥ ዋጋ ነው፣ ፎጣው ደግሞ በዙሪያ የቆመው እንዳያይ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያቺ ገመድ የያዘችው ልጅ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ መጣችና በሰባራ አማርኛዋ "አንቺ አሚን አልሽ፣ ግመል አልተሸጠም" አለችኝ። ዓይኗ ያበራል። "ሌላ እሑድ ነይ። ሌላም አሚን በይ።" ስሟ መዲና ይባላል። በጋው ሲበረታ ቤተሰቧ ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወጣል፤ ዝናብ ሲጥል ወደ ቆላ ይመለሳል። አባቷ ግመሏን ሊሸጥ በየሳምንቱ ሲያወጣት መዲና በየሳምንቱ እንዳይሸጣት ትለምነዋለች። ነክቼ ልይ ስላት ገመዱን በእጄ ሰጠችኝ። የግመሏ አንገት ሞቃትና ሻካራ ነው። ስለካርዱ በምልክትም በአፍም ነገርኳት፤ አባቷን ጠየቀችልኝ፤ እሱም በሳቅ ፈቀደ።

ማታ ለጀማል ሁሉን ስነግረው ከግመሏ ይልቅ የፎጣው ነገር ነው ልቡን የሰቀለው። እስከዚያ ድረስ ካርዶቹን ደርድረን "የእኔ በሬ ያንተን ይጥላል"፣ "አይጥልም" እያልን ስንጨቃጨቅ ነበር የምንውለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታው ጨዋታ ሆነ። በየካርዱ ላይ ሦስት ነገር በነጥብ ይሰጣል፤ ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ጥም መቻል። ሁለት ተጫዋቾች ካርዳቸውን ገልብጠው ያስቀምጡና በሻሽ ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ተራው የሆነ ልጅ የሌላውን ጣት ይጨብጣል። አንድ ጣት ከሆነ ጉልበት፣ ሁለት ከሆነ ፍጥነት፣ ሦስት ከሆነ ጥም ማለት ነው። በዙሪያ የቆምነው በምን እንደሚወዳደሩ ከፊታቸው ለመገመት እንሟገታለን። ከዚያ ካርዶቹ ይገለጣሉ። ነጥቡ የበለጠው የሌላውን ካርድ ይወስዳል።

በቀጣዩ እሑድ ጀማልም አብሮን ሰንበቴ ወርዶ ግመሏን በእጁ ነክቶ ሳላት። አባ ይመር ሥራችንን ሊያዩ መጥተው አንድ ነገር ብቻ አዘዙ። "ከብት ታይቶ ማሻአላህ ሳይባል አይታለፍም። ዓይን ያገኛቸዋል።" ጀማል ቁርአን ቤት በተማረው ዐረብኛ በየካርዱ ማዕዘን ላይ "ማሻአላህ" ብሎ በጥንቃቄ ጻፈ። እኔ ለጌጥ መስሎኝ ነበር።

የእኔ ግመል ሊጉን አመሰችው። ሦስት ጣት ጨበጥኩ ማለት አለቀ ማለት ነው፤ በጥም ማን ግመልን ይችላታል? በየሳምንቱም ሰንበቴ እየሄድኩ ከመዲና ጋር ገመድ እንይዛለን። አባ ይመር ድርድሩ እስኪያልቅ አፌን በሻሼ እንድይዝ አስምለውኛል፤ ግመሏም በሌላ በሌላ ምክንያት ሳትሸጥ ትመለሳለች። መዲና ግን ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ ነበር የምታምነው። አንድ ቀን ካርዱን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው፤ ዓይኗን ጨፍና ደጋግማ አሸተተችው።

"ጥሩ ሽታ" አለች። ለመመለስ አልፈለገችም።

"የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻ ግጥሚያ አለብኝ" አልኳት። "ከዚያ ያንቺ ነው። ዝናቡ ሳይጥል አመጣልሻለሁ። ወላሂ።" በአላህ ስም ከማልኩ በኋላ ከልቤ ደስ አለኝ፤ ለሰው የምሰጠው የራሴ ነገር ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጀማል ነው የገጠመኝ፤ ጨባጩም እሱ ሆነ። ከሻሹ ሥር ሁለት ጣቴን ያዘ። ፍጥነት። ካርዶቹ ሲገለጡ የአጎቱ በቅሎ በአንዲት ነጥብ ግመሌን በለጠቻት። ጀማል ካርዱን አነሣ።

"መልስልኝ። ለመዲና ምያለሁ" አልኩት።

"ሕግ ነው ዘይኑ።"

"ሌላ ሳልላት!"

"አንድ ግመል፣ አንድ ካርድ።" ፊቱ ላይ ማዘን አለ፤ እጁ ግን አልላላም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ ካፈረሰው ከነቢል በምን ይለያል? ይህ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን አንገቱን አንቄ "ተበላሁ! በላኝ! ግመሌን በላኝ!" እያልኩ ነበር የምጮኸው።

እናቴ ከሱቁ የሰማችው ይህን ነው። "ተበላሁ" የሚለው ማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ ካርታ ቤት ደመወዙን ጥሎ የሚወጣ ሰው ነው። በአንድ እጇ ጆሮዬን ይዛ፣ በሌላው ካርዶቹን ሁሉ ሰብስባ ወደ ሳሙና ካርቶን ጣለቻቸው። "ቁማር! በእኔ ካርቶን ቁማር! ያ ረቢ፣ ሴት ልጄ ቁማርተኛ!" ካርቶኑን አቅፋ ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ እኛም እየተንጫጫን ተከተልናት። ከምድጃው ፊት ቆማ የመጀመሪያውን ካርድ አወጣች። ወደ እሳቱ ልትወረውር ስትል ማዕዘኑን አየች።

ማሻአላህ።

እጇ ቆመ። ሌላ አወጣች፤ ማሻአላህ። ሌላም አወጣች። የአላህ ስም ያለበትን እሳት ውስጥ አትጥለው፣ ቆሻሻ ላይ አትጥለው፣ መሬት ላይ እንኳ አታስቀምጠው። እናቴ ቁማር ታቅፋ፣ ወዴት እንደምታደርገው ጨንቋት ማድ ቤቱን ዞረችው። በመጨረሻ ቁርአን ከሚቀመጥበት መደርደሪያ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋ በክብር አስቀመጠችውና "ማንም እንዳይነካው!" አለች። ካርቶኑ ለቀናት እዚያው ተቀመጠ፤ በማግስቱ እሑድም ባዶ እጄን ሰንበቴ መሄድ አፍሬ ቀረሁ። እሷ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች፤ እኔ ደግሞ በሰማዩ ላይ የሚከማቸውን ደመና አያለሁ። ዝናብ ከጣለ መዲና የለችም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናቴ ካርቶኑን ራሷ ላይ ተሸክማ እኔን ከፊቷ ነድታ አባ ይመር ግቢ ገባች። ጀማልም ተጠርቶ አጠገቤ ቆመ፤ አንተያይም። አባ ይመር ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ከብት እንደሚገዛ ሰው እያገላበጡ አዩ። "ይሄ የጎረቤታችን በሬ ነው። ቀንዱን አሳምረህለታል።" እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

"አባ ይመር፣ ፍርድ ፈልጌ ነው የመጣሁት እንጂ በሬ ልገዛ አይደለም!"

"አብሽሪ፣ እየመጣሁ ነው።" ወደ ጀማል ዞሩ። "ያሸነፈ ምን ያገኛል?"

"የሌላውን ካርድ ይወስዳል።"

"የተሸነፈውስ?"

"ምንም።"

"ብልሽቱ ይሄ ነው። እናትሽ እውነቷን ነው፤ ይሄ ቁማር ነው።" ይህን ወደ እኔ ዞረው አሉ። አባ ይመር ጢማቸውን አሻሹ። "ሰንበቴ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆም ከብቱን በከንቱ ሰጥቶ ባዶ እጁን የሄደ ሰው አላየሁም። ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ወይ ለርቢ ይሰጣል። ርቢ ታውቃላችሁ?"

እናውቃለን። ላም ያለው ላሙን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ያኛው አብልቶ አጠጥቶ ያረባል፤ የሚወለደውን ይካፈሉና ላሚቱ ለባለቤቷ ትመለሳለች።

"እንግዲህ ያሸነፈ ለርቢ ይውሰድ። በሳምንቱ እናቲቱን ከነግልገሏ ይመልስ። የመጀመሪያው ልጅ ለባለቤቱ፣ ቀጣዩ ላረባው። እንዲህ ከሆነ ማንም አይበላም።"

እናቴ ወገቧን ያዘች። "ወረቀት ይወልዳል እንዴ አባ ይመር?"

"ጀማል ያዋልደዋል።"

እናቴ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። አባ ይመር እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱ ሁሉም አሚን አለ፤ እኔ ግን አፌን በሻሼ ይዤ ቆሜያለሁ። አባ ይመር አፍጥጠው አዩኝ። "አሁን ነው እኮ አሚን የሚባለው!"

"አሚን!" አልኩ፣ ሻሼን ከአፌ አውርጄ።

እሑድ ከጀማልም ጋር ሰንበቴ ወረድን። ያላየውን አይስልምና የግመል ግልገል መፈለግ ነበረበት። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ብዙ አፋሮች ጓዛቸውን ጭነዋል። ከተለመደው ቦታ ስንደርስ የመዲና አባት ፍየሎቹን ይዞ ብቻውን ቆሟል። መዲና የለችም። ግመሏም የለችም። ተሸጣለች ብዬ እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። አባ ይመር ከሰውየው ጋር ሲያወሩ ቆዩና መጥተው በሻሼ አፍንጫዬን ጠረጉልኝ። "ተነሺ። ወልዳለች። ከእንግዲህ አልሸጥም ብሏል። ልጅቷ ሜዳው ዳር እየጠበቀቻት ነው።"

ስንመለስ ሚኒባሱን ጨፋ ሜዳ ዳር አስቆሙልን። መዲና ከሩቅ አየችንና እጇን እያወዛወዘች ሮጠች። ከኋላዋ ግመሏ ቆማለች፤ ከግመሏ ሥር ደግሞ እግር ብቻ የሆነ፣ የሚንገዳገድ፣ ገና በወጉ ያልደረቀ ነጭ ነገር አለ። ጀማል ሥዕል እምቢ ሲለው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "እግሩ አያልቅም!" እያለ ደጋግሞ ሠረዘ። በመጨረሻ ተሳካለት፤ ማዕዘኑ ላይ ማሻአላህ ጻፈና የእናቲቱን ካርድ ጨምሮ ሰጠኝ። እኔም እንደ ማልኩት እናቲቱን ለመዲና ሰጠኋት። ወዲያው አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። የግልገሏ ካርድ በርቢው ሕግ የእኔ ሆነ፤ የመጀመሪያ የራሴ ከብት።

"ስም ይጻፍበት" አለ ጀማል። "ማን አላችኋት?"

መዲና ካርዱን ከአፍንጫዋ ሳታነሣ ሳቀች። "ሳሙና" አለች።

ጀማል ከሰሉን ይዞ ፈዞ ቀረ። አባ ይመር ፎጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ግልገሏ የተወለደችው መዲና ካርዱን ካሸተተች ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ መዲና የምታውቀውን ጥሩ ሽታ ስም አደረገችላት። እኛ ቤት ከሳሙና በቀር የምናረባው አልነበረም ብያለሁ። እነሆ ሳሙናችን እግር አውጥታ ጨፋ ሜዳ ላይ ቆመች። ማታ ለእናቴ ስነግራት ሱቋን ዘግታ እስክትጨርስ ሳቀች፤ ከዚያ አዲስ የተከፈተ ካርቶን ራሷ ቆርጣ ሰጠችን።

ሊጉ ክረምቱን ሙሉ ሰነበተ። ዝናብ ሲይዘን እናቴ ሱቅ ውስጥ እንጫወታለን። ከጨፋ ሮቢትም ከሰንበቴም ልጆች ከብታቸውን ይዘው መጡ፤ ጀማል ጥጃና ግልገል ሲያዋልድ ጣቱ በከሰል ጠቆረ። ካርድ አጥቶ የሚቆም ልጅ አልነበረም። መዲናን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ቅር ግን አላለኝም፤ ካርዱ በእጇ ነው።

ግመል ዕድሜዋ ረጅም ነው ይላሉ። ባለፈው ዒድ ከእናቴ ጋር ሰንበቴ ወርጄ የግመል መንጋ መንገዱን ዘግቶ ሲያልፍ ቆምኩ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሰውም ያየኛል፤ ሆኖም ሻሼን አፌ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ "ሳሙና" አልኩ። አንዲት ነጣ ያለች አንገቷን መለስ አደረገች። እናቴ ክንዴን ጨብጣ "አሚን" አለች።